የእማማ ጠጄ ልጆች

ግላስጎው፤ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ኃይለመስቀል፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ዘመሮ ድረስ ይድረስዎ። ክረምቱ እንዴት ወጣ? ገብሱስ እንዴት ነው? እህቴ ምሥራቅ፣ ታላቅ ወንድምዎ ጋሼ አፈወርቅ፣ ልጃቸው ኮከብ እንዴት ናቸው? ሁላችሁንም እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ከመንዝ አይብስም፤ ዝናቡ ግን ማቆሚያ የለውም።

ስልክ እንደተቋረጠ ስለማውቅ ደብዳቤውን አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛዬ ለወለተጊዮርጊስ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። እሷ በወረቀት አትማ በአውቶቡሱ ሹፌር በአባይነህ እጅ ትሰድልዎታለች። መልስዎንም ለእሱ ይስጡልኝ፤ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

ጋሼ፣ የመጣሁበትን ትምህርት ላስረዳዎ። እስከ ዛሬ የእኔ ሥራ ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ማለት ነበር። እዚህ ፓቶሎጂስቶችን የሚያሠለጥኑት ከዚያ አልፈው ጂኑን እንዲያነቡ፣ በሽታው በዘር የሚተላለፍ መሆኑን እንዲለዩ ነው። ስመለስ ሌሎችን ላሠለጥን ቃል ገብቻለሁ። ለመመረቅ እያንዳንዳችን አንድ ቤተሰብ አጥንተን ለጉባኤ እናቀርባለን። እኔ የራሳችንን ቤተሰብ መረጥኩ።

ምክንያቱን ያውቁታል። አያቴ እማማ ጠጄ በጡት ካንሰር ሞቱ። እናቴ ጥሩሸዋ በዚያው ሞተች። አሁን ደግሞ ኮከብ ታመመች። የእኔ ደም ሲመረመር አንድ ጂን ላይ ለውጥ ተገኘ። ከእናቴ ተወስዶ በሆስፒታል የተቀመጠው ሥጋም ላይ ያው ለውጥ አለ። ጉዳት ያምጣ አያምጣ ግን ማንም አያውቅም፤ እነዚህ ሰዎች በሰበሰቡት መረጃ ውስጥ የእኛ አገር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ያለው መንገድ ለውጡ በቤተሰባችን ውስጥ ከበሽታው ጋር አብሮ መሄዱን መከታተል ነው። አብሮ የሚሄድ ከሆነ የሚያሰጋኝ ለምሥራቅ ነው። ለጥንቃቄ አዲስ አበባ ላይ ለጥር የጡት ራጅ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ።

ኮከብ አዲስ አበባ ስትታከም ደሟን ለመስጠት ፈቅዳ ናሙናው ደርሶኛል። ከእርስዎ የምፈልገው የዘር ሐረጉን ነው፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን እንደታመመ። በቤቱ አድጎ ከእማማ ጠጄ ማህፀን ያልወጣ ሰው ካለም ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

እጅ ነሥቻለሁ።
የእህትዎ ልጅ ፀደንያ

*

ዘመሮ፤ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ፀደንያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እኛ አለን። ገብሱን ውርጭ መታው። ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤ የማስተምረው ልጅ ስለሌለ ለመናደድ ጊዜ ሞልቶኛል።

በመጀመሪያ፣ «እናቴ ጥሩሸዋ በዚያው ሞተች» ብለሽ የጻፍሽውን አልተቀበልኩትም። እህቴ ከጡቷ ሥጋ ተቆርጦ ከተወሰደ በኋላ ውጤት ጥበቃ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትመላለስ ነው የከረመችው። ሥጋውን የሚያይ ሐኪም አልነበረም። የነበረውም የአገሩን ሁሉ ሥጋ ብቻውን ያይ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰሩ ጉበቷ ገብቶ ነበር። አንቺ ይህን ሙያ የመረጥሽው በዚህ ምክንያት መሆኑን ነግረሽኛል። ታዲያ ስትጽፊ በትክክል ጻፊ።

ሁለተኛ፣ «የራሳችንን ቤተሰብ መረጥኩ» ትያለሽ። ከመረጥሽ በኋላ ነው የነገርሽኝ። የእናቴን ጡት በግድግዳ ላይ አብርተሽ ልትፈተኚበት ነው። አፈወርቅን ጠይቀሻል? ምሥራቅን ጠይቀሻል? ኮከብስ ደሟን ስትሰጥ ፈተና መሆኑን ታውቃለች?

ሦስተኛ፣ የዘር ሐረጉ። ዘመሮና አካባቢው ለጋብቻ ሲፈላለግ እስከ ሰባት ቤት እንድቆጥር የሚመጣው ወደ እኔ ነው። በእኔ ቆጠራ ዘመዱን ያገባ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ ይኸውልሽ። የጠጄ ልጆች፦ በኩሯ አፈወርቅ፣ ቀጥላ ጥሩሸዋ፣ መጨረሻ እኔ። አፈወርቅ ኮከብን ወለደ። ጥሩሸዋ አንቺንና ምሥራቅን ወለደች። እኔ አልወለድኩም። የታመሙትን ራስሽ ጽፈሻቸዋል።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ፦ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለተኛ በሹፌር እጅ እንዳትልኪ። የእኛን ደብዳቤ አባይነህ ይይዘዋል፤ ወለተጊዮርጊስ በስልኳ ታነሣዋለች፤ ከዚያ በኋላ የት የት እንደሚዞር አንቺም አታውቂም።

በትምህርትሽ ያበርታሽ።
አጎትሽ ኃይለመስቀል

*

ግላስጎው፤ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሰዎ። በቁጣዎ ልክ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ፈቃዱ እውነትዎን ነው። ለኮከብና ለምሥራቅ ለየብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ። ለጋሼ አፈወርቅም መጻፍ ነበረብኝ፤ አፍሬ ተውኩት። የዘገየሁት ውጤቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

ጋሼ፣ ደስ ይበልዎ። ለውጡ ኮከብ ላይ የለም። ኮከብ ታማለች፤ እኔንና እናቴን ያስጠረጠረን ለውጥ ግን ደሟ ውስጥ አልተገኘም። የቤታችን በሽታ ከዚህ ለውጥ የመጣ ቢሆን ኖሮ እሷም ላይ መገኘት ነበረበት። ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ከሌላው መረጃ ጋር ሲደመር ግን ጉባኤው ለውጡን «ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል» ከሚሉት ተርታ አስገባው። ስለዚህ ምሥራቅ እንደ ማንኛዋም ሴት ናት። መንገዱ አስጊ ስለሆነ የጥር ወሩን ቀጠሮ ሰርዤላታለሁ። እኔም በየጊዜው የጀመርኩትን ምርመራ ትቻለሁ።

አሠልጣኛችን እንዲህ የጠራ የዘር ሐረግ ከሠልጣኝ አይቼ አላውቅም አሉ። ሙያው የእርስዎ ነው አልኳቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።
ፀደንያ

*

ዘመሮ፤ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደንያ፤

ሰላም ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ምሥራቅ ደብዳቤሽን ስታነብ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኮከብ ደም ጨርሶ ባይላክልሽ ኖሮ ውሳኔያችሁ ምን ይሆን ነበር? ይህን ብቻ መልሺልኝ። ሌላ ወሬ አትጨምሪበት።

ኃይለመስቀል

*

ግላስጎው፤ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር ኃይለመስቀል፤

ጾሙን ያስፈጽምዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ሥራ አልሠራሁም።

የኮከብ ደም ባይኖር ለውጡ «ትርጉሙ አይታወቅም» እንደተባለ ይቆይ ነበር፤ ሚዛኑም ወደ ጉዳቱ ያጋድል ነበር። እናቴ ታማ ሞታለች፤ ለውጡም አለባት። ምሥራቅ ደሟ እንዲመረመር፣ በየዓመቱም ራጅ እንድትነሣ እናዝዝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ያዳናት የኮከብ ደም ነው፤ የኮከብ ደም ምስክር የሚሆነው ደግሞ ኮከብ የእማማ ጠጄ የልጅ ልጅ ስለሆነች ነው።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደሉም። ጋሼ አፈወርቅን እማማ ጠጄ ወልደዋቸዋል? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱልኝ። በመስከረም ጠይቄዎት «የለም» ብለውኛል፤ በዚያ ቃል ላይ ቆሜ የገዛ እህቴን ከምርመራ አስቀርቻለሁ። እኔ የማስበው ስለ ምሥራቅ ነው። እርስዎ የሚያስቡት ስለ ማን ነው?

ካልመለሱልኝ ለራሳቸው እጽፍላቸዋለሁ።

ፀደንያ

*

ዘመሮ፤ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደንያ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ደብዳቤሽ በሕማማት ደረሰኝ። መልስ የዘገየው በመንገድ መዘጋት እንዳይመስልሽ፤ ተናድጄ ነው። አጎቱን «አዎ ወይም አይደለም በል» ብሎ የሚያፋጥጥ ልጅ እኛ ቤት አላደገም።

ለጥያቄሽ እኔ መልስ የለኝም። ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው፤ መልስ እንዲኖረኝም አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መልሱ ካለው ሰው ዘንድ ሄድኩ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ ጻፍ ብሎኝ ጻፍኩት።

አፈወርቅ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ያባዝታል። መሪጌታ ነው፤ ቅኔ ሲያስቆጥር ውሎ ሲመጣም እጁ ሥራ አይፈታም።

«አስተማሪው፣ ምነው ፊትህን እንዲህ ከሰከስከው? ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም። ማንም እንዳይሞት ነው የመጣሁት።»

ስለ ደሙ፣ ስለ ለውጡ፣ የኮከብ ደም ምሥራቅን ነፃ እንዳወጣት ነገርኩት። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ጠጉሩን ማባዘቱን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«እንግዲህ የእኔ ልጅ ለጥሩሸዋ ልጅ ምስክር ሆነች በለኛ» አለ።

«ሆነች።»

«ሐሰተኛ ምስክር ናታ!»

«እኔ አላልኩም» አልኩት።

«አንተማ እንዴት ትላለህ? አንተ ግዝት አለብህ። ጥሩሸዋም ነፍሷን ይማረውና ተገዝታ ነበር። አገሩ በሙሉ ተገዝቷል። እኔን ማን ገዘተኝ?» ጠጉሩን ጣለው። «ወረቀት አለህ? ጻፍ። እኔ አፈወርቅ ወላጆቼ በአንድ ክረምት ሞተውብኝ ልብ የማውቅ ልጅ ሆኜ ጠጄ ቤት ገባሁ። ጠጄ ያን ጊዜ መውለድ እንቢ ብሏት ነበር። በሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችኝ፤ የጡት ልጇ ሆንኩ። የነፍስ አባቷ አባ ይሥሐቅም ቆመው፣ ከዛሬ ወዲያ አፈወርቅ የጠጄ ልጅ አይደለም ያለ ውጉዝ ይሁን አሉ። ጥሩሸዋና ኃይለመስቀል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጨረስኩ። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን በሆድህ ይዘህ የምትዞረው?»

«ከኅዳር።»

«ከኅዳር! የእኔና የአንተ አጥር አንድ ነው። በየሰንበቱ አንድ ማዕድ እንቆርሳለን። ምን መስሎህ ነው ሳትጠይቀኝ የቀረኸው? የማፍር መስሎህ ነው? እኔ በእናቴ አላፍርም!»

ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ ላንቺ አልጽፍም። ጩኸታችንን ሰምታ ኮከብ ከውስጥ ወጣች። በመድኃኒቱ የረገፈው ጠጉሯ ገና እየበቀለ ስለሆነ ራሷን በሻሽ አስራለች።

«እንግዲያውስ እማማ ጠጄን ዓመት ሙሉ በከንቱ ነዋ የወቀስኳት!» አለች። «መሬቱን ለእኛ አውርሳ በሽታውን ለጥሩሸዋ ልጆች ነው ያስቀረችው በሉኛ! አባባ፣ ካልጠፋ ሰው የእኔ ከየት መጣ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ወላጆቼን ምን ገደላቸው ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም» አላት አፈወርቅ።

ይኸው መልስሽ። አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። በሹፌር እጅ በተላከ ወረቀት፣ ሦስት ሰው አንብቦት በሚያልፍ ደብዳቤ፣ ግዝት ያለበትን ነገር ጠየቅሽኝ። የጠየቅሽው ስለ አፈወርቅ ሆኖ ያልተጠየቀው አፈወርቅ ብቻ ነው። ስትመለሺ ፓቶሎጂስቶቹን ስታሠለጥኚ ይህን አስተምሪያቸው። ጂን ማንበብ የሚችል ሐኪም የዘር ሐረግ ከአንድ አዋቂ ሰው ተቀብሎ ወደ ማይክሮስኮፑ መመለስ አይችልም። ባለቤቱ ፊት ይቀመጥ። ለብቻው ያነጋግረው። እኔ ለጋብቻ ስቆጥር የጡት ልጅና የማህፀን ልጅ ልዩነት የላቸውም፤ የአፈወርቅ ልጅ ከእኛ ዘር አታገባም። ለዚያ ሥራ ሐረጌ ትክክል ነው፤ ዛሬም ትክክል ነው። አንቺ ለሌላ ሥራ ወሰድሽው።

ጥፋተኛ ከፈለግሽ ስትመለሺ ቁጭ ብለን በየድርሻችን እንካፈላለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የሐረጉን ሥዕል ስታርሚ አፈወርቅን ከጠጄ የሚያገናኘውን መስመር እንዳትሰርዢው።

ኃይለመስቀል

*

ግላስጎው፤ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለጋሼ አፈወርቅ ለብቻቸው የጻፍኩትን ወረቀት በፖስታ አሽጋ እንድትልክ ለወለተጊዮርጊስ አደራ ብያለሁ። እባክዎ እርስዎም ሳይከፍቱ ይስጡልኝ።

ጉባኤው ፊት ቆሜ ያቀረብኩት የቤተሰብ ጥናት ስሕተት ነበር አልኩ። ኮከብ ከሐረጉ ስትወጣ ውሳኔው ተሽሯል፤ ለውጡም እንደገና ወደ ተጠርጣሪዎቹ ተመልሷል። አሠልጣኛችን ይህን ለሚመጡት ሠልጣኞች ማስተማሪያ እናድርገው አሉ። ባለቤቱ ሳይፈቅዱ አይሆንም ብያለሁ። ከፈቀዱ እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው፤ መጀመሪያም አዲስ አበባ ላይ። እዚያ ያሉት ባልደረቦቼ እንደ እኔው ከሥጋ በቀር ሰው አያዩም፤ ታማሚውን ሳናውቀው ነው ስለ እሱ የምንፈርደው።

መስመሩ አልተሰረዘም። በዚህ ሙያ ለጡት ልጅ የሚሠራበት የተቆራረጠ መስመር አለ። አንድ ወጥ መስመር ካልሆነ ብዬ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ሳልናገር አልቀርም። እርስዎ በየካቲት ጠርጥረዋል። ያን ቀን «ምሥራቅ ትሂድ» ብለው ቢጽፉ ማንንም አይነኩም ነበር፤ ግዝቱም አይፈርስም ነበር። ሁለታችንም ትክክል ለመሆን ስንፎካከር እህቴ ቤቷ ቁጭ ብላ እልል ትላለች። ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ አድርሱልኝ። ሐኪም አነጋግሬያለሁ።

ፀደንያ

*

አዲስ አበባ፤ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደንያ፤

የሦስታችንም ሰላምታ ይድረስሽ። እዚህ ስልክ እንደሚሠራ አውቃለሁ። አልደወልኩም፤ በስልክ እጮሃለሁ፣ በወረቀት ግን ራሴን እገዛለሁ።

ስለ የካቲት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። መልስ አልጽፍበትም።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ስለ ራስሽ አንዲት ቃል የለም። ምርመራዬን ትቻለሁ ያልሽኝ በጥር ነው። ቀጥለሻል ወይስ የሰው ደም ስታነቢ የራስሽን ረሳሽው? ዛሬውኑ ሄደሽ ውጤቱን ጻፊልኝ።

አሁን ስለ ምሥራቅ። ለውጡ ደሟ ውስጥ አለ። ራጁ ላይ በእጅ ቢዳስሷት የማትገኝ፣ የገብስ ቅንጣት የምታክል ነገር ታየች። ናሙናውን ያየችው ባልደረባሽ ካንሰር ነው፣ ገና ጅምር ነው አለችን። እናትሽ ዓመት ሙሉ ውጤት ስትጠብቅ የከረመችበት ከተማ ውስጥ የምሥራቅ ውጤት በሳምንቱ ወጣ። ልመርቃት ፈልጌ ቁጣዬ መጣብኝና ሳልመርቃት ወጣሁ። ቀዶ ሕክምናው ከትናንት ወዲያ ተደርጎላታል። ጡቷን አጥታለች፤ ብብቷ ውስጥ ግን ምንም አልተገኘም። ዛሬ ኮከብ በላከችላት አጥሚት ላይ ጨው በዛ ብላ ተነጫንጫለች፤ ደህና ናት ማለት ነው።

አንድ ነገር ነግሬሽ ልጨርስ። ከዘመሮ ስንነሣ አፈወርቅ ጋቢውን ለብሶ፣ መቋሚያውን ይዞ አውቶቡሱ ላይ ቀድሞን ተቀምጦ አገኘነው። «አንተ የት ነው?» ብለው «አስታማሚ ነኝ» አለኝ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ከሚያዝያ ጀምሮ አንነጋገርም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ወጣቷ ሐኪም ስለ ምሥራቅ እናት ወገን ስትጠይቅ «የደሙን ነገር ይኸን አስተማሪ ጠይቂው፤ የቀረውን እኔን» አላት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የቅርብ ዘመድ ይፈርም ተባለ። ነርሷ ወረቀቱን ስታመጣ ብዕሩን ተቀበልኩ። እናቷን የወለደች እኔን ወልዳኛለች፤ ጥያቄ ያለበት ነገር አልመሰለኝም። አፈወርቅ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጣና ብዕሩን ከጣቶቼ መካከል መዝዞ ወሰደው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።

«ልፈርም ነዋ።»

«ታላቅህ እዚህ ቆሜ?»

ነርሷ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየችን። «አባባ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለችው።

እኔን እንጂ እሷን አላየም። አፌን እንድከፍት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። አልከፈትኩም።

«የእናቷ ወንድም» አለና ፈረመ።

በሰላም ግቢ። አጎቶችሽ፤

አፈወርቅና ኃይለመስቀል